«ሰው» እያለ የኖረው ተከራዬ

ሙሴ ዮሴፍ መሞቱን ለልጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሚስቴ ስልኩን ይዛ መናገር ሲያቅታት ተቀበልኳትና «ምህረት፣ መምህሩ አረፈ» አልኩ። ጅቡቲ ድረስ አለሳልሼ የምልክበት ቃል አልነበረኝም። መጀመሪያ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጮኸች።

እናቴ የሞተች ጊዜም የነገርኳት እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ «ወይኔ አያቴን» ብላ አልቅሳለች፤ ደህና አድርጋ ነው ያለቀሰችው። እንዲህ ግን አልነበረም። ይሄኛው ከሆድ የሚወጣ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ «እኔ ስሞት እንዲህ ትጮህ ይሆን?» ብዬ አሰብኩ። ሬሳ በግቢህ ተኝቶ ይህን ማሰብ ነውር ነው የሚል ካለ ይበል። ልጅ አሳድጎ፣ ልጁ ለሌላ ሰው እንዲህ ስትጮህ ያልሰማ ግን አይፍረድብኝ።

«አባዬ፣ ሳልደርስ እንዳትቀብሩት» አለችኝ።

«እንዳትቀብሩት» ያለችው እኔን ነው። ሌላ የምትለው ሰው የለማ። ሙሴ ዮሴፍ ዘመድ አልነበረውም። የነበረው የእኔ ሰርቪስ ቤትና የእኔ ልጅ ነው።

ስሙ ዮሴፍ ነው። «ሙሴ» ያሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት ነው አሉ። ሚስቴ መጀመሪያ የሰማች ቀን «ሙሴም ዮሴፍም? አንድ ሰው ሁለቱን አይችልም፣ አንዱን ይምረጥ» ብላ ቤተክርስቲያን ሄዳ ለሴቶቹ ሁሉ አውርታለች። ከድሬዳዋ የመጣ ካቶሊክ ነው፤ አባቱ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፣ ፈረንሳይኛውን ከዚያው ከሰፈሩ ይዞ ነው ያደገው። ሆሳዕና የመጣው አንድ የግል ትምህርት ቤት ቀጥሮት ነው። ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳይኛውን ተወው፤ እሱ ግን ከተማዋን አልተወም። ውጭ እንሄዳለን የሚሉ ነርሶችን፣ ጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠሩ ልጆችን በየቤታቸው እየዞረ እያስተማረ እኔ ግቢ ኖረ። «ዘመድ የለህም ወይ?» ሲሉት «ሰው ዘመድ አያጣም» ይላል። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ረጅምና ቀጭን ነበር። ቤት ሲሆን ሽርጥ ያገለድማል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ወፍራም ሹራብ ይደርባል። ከወገቡ በታች ድሬዳዋ፣ ከወገቡ በላይ ሆሳዕና። በዚህ ሁኔታ ጠዋት ጠዋት ከግቢ ወጥቶ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይላል። የድሬ ሰው አንቱታ የሚባል አያውቅም፤ ቤት ሊከራይ የመጣ ቀን ቁልፉን ከእጄ እየተቀበለ የጋሪ ፈረሴን አየና «አቦ ዴታሞ፣ ፈረስህን አሳምረህ ይዘኸዋል» አለኝ። ከአከራዩ ጋር እንዲህ የሚነጋገር ተከራይ አይቼ አላውቅም። እኔ «እርስዎ» ስለው ሳምንት ያህል ቆየሁ፣ ከዚያ ደከመኝና ተውኩት።

ከሁሉ በላይ ግን የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ሙሴ ዮሴፍ «እኔ» አይልም። ራሱን ሲያነሳ «ሰው» ነው የሚለው። «ሻይ ጠማኝ» አይልም፤ ወጥ ቤታችን በር ላይ ቆሞ «በዚህ ብርድ ሰው ሻይ ይጠማዋል» ይላል። ሚስቴ ትስቅና ትቀዳለታለች። እኔ ጠማኝ ስል «ቆይ» የምትለዋ ሴትዮ! «ደከመኝ» አይልም፤ «ሰው ይደክመዋል» ይላል። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲመጣ፣ ቡላው በቅቤና በወተት ተገንፍሎ አታካና ሆኖ ሲቀርብ፣ አንድ ማንኪያ ይቀምስና ዓይኑን ጨፍኖ «ከዚህ በኋላ ሰው ምን ቀረው?» ይላል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ይኼ ሰው የምትለው ሰውዬ ማነው? አንተ ነህ? እኔ ነኝ? ስሙን ጥራውና እንወቀው!»

«ሁላችንም ነን፣ አቦ» አለኝ። «አንዳንዴም ማንም አይደለም።»

ፈረንሳይኛው ነው እንዲህ ያደረገው፤ «ኦን» የምትባል፣ እኔም አንተም ሁሉም የሆነች ቃል አላቸው። ይህን ያወቅኩት ልጄን ሲያስተምር ሰምቼ ነው።

ምህረት ገና የወተት ጥርሷ ሳያልቅ በሙሴ ዮሴፍ ክፍል በቢጫው በር ገባች። ማንም አልላካትም። በሩ ላይ ቆማ ነርሶቹ ሲማሩ ትሰማለች፤ አንድ ቀን ነርሷ የተሳነውን እሷ መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ሰጣት። ለእሷ ሲያስተምር አያስከፍልም ነበር። ቢያስከፍል ይሻለኝ ነበር። ቢያስከፍል አስቀራት ነበር።

ከዚያ በፊት የጋሪዬን ድምፅ ስትሰማ ሮጣ በሩን የምትከፍተው እሷ ነበረች። ልጓሙን ተቀብላኝ ፈረሱን እስከ ጋጣው ትስበዋለች። ትንሽ ልጅ፣ ትልቅ ፈረስ፤ ጎረቤት ቆሞ ያያል። ፈረንሳይኛው ከገባ በኋላ ግን ከቢጫው በር ውስጥ «መጣሁ አባዬ!» ትላለች እንጂ አትመጣም። በሩን ራሴ እከፍታለሁ፣ ፈረሱን ራሴ እፈታለሁ። ፈረሱ እንኳን አንገቱን ወደዚያ በር አዙሮ ይጠብቃት ነበር።

ቤታችን ሀዲይኛ ይነገራል። ትምህርት ቤትና ገበያ አማርኛ አለ። በሁለቱም ልጄን አውቃታለሁ፤ ስትዋሽም ስትቀልድም ይገባኛል። አሁን ግን በሦስተኛ ቋንቋ ትስቅ ጀመር። ልጅህ አንተ የማትገባበት ቤት ውስጥ ገብታ ስትስቅ ከውጭ መስማት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ጋጣው ከሰርቪሱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ኮርቻ ስጠግን፣ ጎማ ስነፋ ሁሉንም እሰማለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ይዘንባል። እኔ ጋሪው ሥር ተጋድሜ ብሎን አጠብቃለሁ። በሩ ክፍት ነው።

«ኢል ፕለ» ይላል ሙሴ ዮሴፍ። «ይዘንባል ማለት ነው። ኢል ማለት ምንድነው?»

«እሱ» አለች ምህረት።

«እሱ ማን ነው?»

«እንጃ» አለች።

«ማንም አይደለም! ፈረንሳይኛ ባዶ ወንበር አይወድም። ሥራ ካለ ሠሪው ወንበር ላይ የግድ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሠሪ የለም። ስለዚህ ኢልን ጠርተው 'ና እዚህ ተቀመጥ' ይሉታል። አያዘንብም፣ አያዝም፣ ምንም አይሠራም። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ይቀመጣል።»

«ያሳዝናል» አለች ልጄ።

«ለምን ያሳዝናል? እሱ ከሌለ ዝናቡን መናገር አይቻልም እኮ። ሰው እንዲህ ያለውን ይንቃል። በአማርኛስ? 'መሸ' ስንል ማን ነው የመሸው?»

እሷ ስታስብ እኔ ከጋሪው ሥር «ቀኑ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ።

«አቦ፣ ዴታሞ መለሰ!» አለ። «እሺ 'በረደኝ'ስ? ማን ነው የበረደህ?»

«ሆሳዕና ናታ!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ከጋሪው ሥር ስወጣ የልጄን ፊት አየሁት። የምትስቀው ከእሱ ጋር ነበር፤ ወደ እኔ ግን የምታየው ደህና እንደመለሰ ተማሪ አድርጋ ነው። የገዛ አባቷን! እንደ ጎበዝ ተማሪ! ያን ቀን ብሎኑን ሰበርኩት።

ከዚያ ወዲህ ያ ኢል ከራሴ አልወጣም። ማታ ራት ላይ እናትና ልጅ ስለ ትምህርት ያወራሉ፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ከተማ፣ ሙሴ ምን አለ። እኔ በላይኛው ወንበር ተቀምጫለሁ። የቤቱ አባወራ። ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጥኩ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። ዝናቡን የሚያዘንበው ሌላ ነው።

ደግሞ አንዴ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ሲነግራት ሰማሁ፣ «ለ» ትባላለች። ፈረንሳይ ሁሉን ነገር ወንድ ወይም ሴት ያደርጋል፤ ጠረጴዛው ሴት፣ ዛፉ ወንድ። ይቺ ግን አንዳንዴ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች እንጂ ወንድም ሴትም አይደለችም አላት። «በፈረንሳይኛ 'አውቀዋለሁ' ስትይ ያ ሁሉ ቀድሞ የተባለው ነገር እሷ ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ? የአባትሽን ጋሪ ነው የምትመስለው። አባትሽ ከሆመቾ ገብሱን ጭኖ ሲመጣ፣ ጋሪው ራሱ ገብስ ነው? አይደለም። ግን ያለ እሱ ገብሱ ሆሳዕና አይገባም።»

ይህን የተናገረው እንደምሰማ አውቆ ይመስለኛል። ሊያስደስተኝ። ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቴ ደግሞ አናደደኝ። በእኔ ጋሪ ልጄን አስተምሮ ምርቃቱን ራሱ ወሰደው።

ፊደል የቆጠርኩት በዚህ እልህ ነው። ጺሜ ሸብቶ ነው የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። ሙሴ ዮሴፍ ይህን ወሬ ሲሰማ ወደ ጋጣው መጥቶ «ሰው እዚሁ ግቢ ውስጥ ማስተማር ይችላል» አለኝ። «ሰውዬውን አመስግንልኝ» አልኩት። ማስተማሪያ ቦታው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው ሩቁን የመረጥኩት። ልጄን ወስዷል፣ ፊደሌን አይወስድም። ልጓም ይዞ የደነደነ እጅ ጠመኔ ሲይዝ ጠመኔው ይሰበራል። መምህርቷ ከልጄ የማትበልጥ ልጅ ናት፤ «አባባ፣ ቀስ» ትለኛለች። ሀ ሁ ስል ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ቢሆንም ለመድኩት።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ሙሴ ዮሴፍን ጋሪዬ ላይ አሳፍሬ ከመናኸሪያው በኩል ስመለስ፣ ሳላስበው የሱቁን ታፔላ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «የ... ሕን... ጻ... መሣሪያ።» ቀጥሎ ያለውንም አነበብኩ። ፋርማሲውንም። ሰውዬው አንድ ቃል አልተናገረም። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ግቢያችን እስክንደርስ መልሶ አልደፋም። በዚያ ብርድ። ራሱ መላጣ ነው።

«ጎበዝ» ቢለኝ እሰድበው ነበር። አላለኝም። እስከ ዛሬ ከሰው ያገኘሁት ትልቁ ክብር ያ ነው፤ ከእሱ መምጣቱ እንደ እሾህ ይወጋኛል።

ምህረት አደገች፣ አዲስ አበባ ተማረች። እዚያ ዱራሜ ተወልዶ ያደገ ዳዊት የሚባል ልጅ አገኘች። ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነው የሚሠራው። ሽማግሌ እልካለሁ አለ፤ ይላክ አልኩ። እንደ ደንቡ ማልደው መጡ፣ ቅዳሜ ነው። ሦስት የከንባታ ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዘንጋቸውን ይዘው። መንገድ ላይ ያገኙትን የሰፈር ሰው «የምህረት አባት ቤት የቱ ነው? ፈረንሳይኛ የምታውቀው ልጅ» ብለው ጠየቁ። የሰፈሬ ሰው የት ላካቸው? ወደ ቢጫው በር!

በአገራችን የልጅ ሽማግሌ በተሳሳተ በር ገባ ሲባል ሰምታችኋል? እኔ ጋጣ ውስጥ ነኝ፣ አካፋ ይዤ ፋንድያ እጠርጋለሁ። ሲያንኳኩ ሰማሁ። ሙሴ ዮሴፍ በሽርጡ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣ አውልቀው፣ እንደ ልማዳቸው አፍ ሳያስከፍቱ ጀመሩ።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ። የመጣነው ለመልካም ነው። ልጅዎን ለልጃችን፣ ቤትዎን ለቤታችን ብለን በርዎ ላይ ቆመናል። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ሙሴ ዮሴፍ መልስ አልሰጠም። ቆመ። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ፈረሱ አንዴ ጭራውን ቢወዘውዝ ነው። ግን ያቺን ዝምታ አይቻታለሁ። ፊቱን አይቼዋለሁ። ሰውዬው ቀመሳት። «ልጅዎን» ሲሉት እንደ አታካና አፉ ውስጥ ይዞ ቀመሳት። ሁሉን ብተውለት ያቺን አልተውለትም።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ተከራይ ነኝ» አለ። «አባቷ ያ ነው፤ ፈረሱ ጋ ያለው።»

እኔ! በዚያ ሁሉ ዓመት «እኔ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዘወር ሲሉ እኔ ፋንድያ የተሸከመ አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ። አንደኛው ደንግጦ ባርኔጣውን እንደገና ሊያወልቅ ነበር፤ ቀድሞ አውልቆታልና ጭንቅላቱን ብቻ ነካ።

እጄን ታጥቤ በሬ ላይ ቆምኩ። ሙሴ ዮሴፍ ደግሞ ክፍሉ ገብቶ ሱሪና ኮት ለብሶ ወጣና ከሽማግሌዎቹ ጎን አራተኛ ሆኖ ቆመ።

«መምህር» አልኩት፣ «አንተ ከማን ወገን ነህ? ከእነሱ ነህ ከእኛ?»

«ሰው ልጅቷ ደስ እንዲላት ይፈልጋል» አለ።

ሚስቴ ከኋላዬ ሆና ጎኔን በክርኗ ነካችኝ። «የምህረት አባት፣ አስቀምጣቸው እንጂ» ትላለች በሹክሹክታ። አላስቀመጥኳቸውም። «ዘመድ ልጠይቅ» ብዬ መለስኳቸው፤ ሲመለሱም «ገና ነው» አልኳቸው። በሰው በር ለገባ ሽማግሌ መመላለስ ሲያንሰው ነው። ዱራሜና ሆሳዕና መካከል ያለውን መንገድ ሸመደዱት። በመጨረሻ ሰጠሁ። በሠርጉ ቀን የእኔን ጉልበት ሳመች፣ የእናቷን ሳመች፤ ከዚያ ማንም ሳይነግራት ሄዳ የእሱን ሳመች። የማን ጉልበት ላይ ብዙ እንደቆየች አይቻለሁ። አልናገርም።

ከዳዊት ጋር ጅቡቲ ገቡ። በፈረንሳይኛዋ ወደብ ላይ ሥራ አገኘች። በዓል ሲደርስ ስትመጣ ሻንጣዋን እኔ ቤት ታስቀምጥና ቡናዋን እዚያ ቢጫው በር ጋ ትጠጣለች። አንድ ጊዜ ሲሟገቱ ሰማኋቸው። «ሙሴ፣ 'ያስፈልጋል' ለማለት አሁን ሰው ኢል ፎ አይልም እኮ፣ ፎ ብቻ ነው የሚለው። 'አለ' ለማለትም ኢል ያ ቀርቷል፣ ያ ብቻ ነው» ትለዋለች። «ኢሉን ዋጡት?» አላት፣ ከልቡ አዝኖ። «ዋጡት» አለችው። እኔ ጋጣው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ፈረሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ከተማውን ባጃጅ ሞልቶታል፤ ጋጣው የማገዶ ማስቀመጫ ሆኗል። ወንበር ጠባቂውን ውጠውታል አልኩ። እኛም ተውጠናል።

ባለፈው ክረምት ማሳል ጀመረ። ሐኪም ቤት ልውሰድህ ስለው «ሰው ያስለዋል» ይላል። አንድ ጠዋት ሚስቴ ሻይ ይዛ ገብታ ጮኸች። ካልጋው ሳይነሳ አርፎ ነበር። ሹራቡን እንደለበሰ።

ያኔ ነው ለምህረት የደወልነው። ያኔ ነው «ሳልደርስ እንዳትቀብሩት» ያለችኝ።

አሁን ስሙኝ። ሙሴ ዮሴፍ እድር አልነበረውም። ግባ ስንለው «ሰው ሲሞት ሰው ይቀብረዋል» እያለ ይስቅ ነበር። የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ ይደርሳል፣ ድንኳን ዳር ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አባል ግን አልሆነም። የእድራችን ዳኛ አቶ ሳህሌ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ፣ ጉራጌ ነው፣ ደንብ የሚያጠብቅ ሰው። ከሁለት ሰዎች ጋር ግቢዬ መጣ። ሬሳው ውስጥ፣ እኛ ደጅ ቆምን።

«ዴታሞ» አለኝ፣ «ምንህ ነው?»

«ተከራዬ።»

«ለተከራይ ድንኳን የለም። ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ፣ እጅህን አውጥተህ ያጸደቅከው ነው። የአባል አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት። ከዚያ ውጭ እንደ ማንኛውም እንግዳ ዛሬውኑ በአራት ሰው እናሳርፈዋለን። ቀብር ይቆይ የሚለውም ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ አለው?»

ሚስቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ታየኛለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ምህረት ናት፣ መንገድ ላይ ናት።

ልናገር ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ደግነት አልነበረም። ልጄ ነገ ትመጣለች፤ መጥታ ምን ትሆናለች? ባዶ ድንኳን ውስጥ፣ ወይ ሰው በሌለበት መቃብር ላይ፣ ብቻዋን የሟች ልጅ ሆና ትቀመጣለች። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ «አባትሽን ነፍስ ይማር» ይላታል። እኔ እያለሁ! በሕይወት፣ በእግሬ፣ በገዛ ግቢዬ ቆሜ! እነዚያን ሽማግሌዎች ወደ ቢጫው በር የላከ ሰፈር አይደለም?

«ወንድሜ ነው» አልኩ።

«የማን ወንድም?»

«የእኔ። ዮሴፍ ወንድሜ ነው።»

ከሳህሌ ጋር ከመጡት አንዱ ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ። ሳህሌ አልሳቀም።

«አንተ የሌሞ ልጅ፣ እሱ የድሬዳዋ። አንተ የወንጌል አማኝ፣ እሱ ካቶሊክ። በየት በኩል ነው ወንድምህ?»

«በልጄ በኩል» አልኩት።

ሳህሌ መሬቱን አየ። ቢጫውን በር አየ። ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝና ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ድንኳኑን አውጡ» አለ።

ተተከለ። ወንበር ተደረደረ፣ ሰው መጣ። ነርሶቹ መጡ፤ አሁን ራሳቸው ልጆች ያሏቸው ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ከሆመቾ የመጣም አለ። ግን ከፊት ለፊት፣ የሟች ቤተሰብ የሚቀመጥበት አግዳሚ ባዶ ነበር። የሚገባው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ማንን ላጽናና?» እያለ በዓይኑ ይፈልጋል። ያንን ባዶ አግዳሚ እያዩ ግራ ይጋባሉ። እኔም ከዳር ቆሜ አየሁት። እሱ ቢኖር ኖሮ እንዴት ይናደድ ነበር።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን።

ሰው አንድ በአንድ እየመጣ እጄን ጨበጠኝ። «ወንድምህን ነው ያጣኸው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።» «አሜን» እላለሁ። አንዷ አሮጊት ግንባሬን ሳመችኝ። «ወንድም ክንድ ነው» አለችኝ። «አሜን» አልኳት። ምንም አልሠራሁም፤ ተቀመጥኩ ብቻ።

ምህረት በማግስቱ ጠዋት ደረሰች። ጥቁር ነጠላ አጣፍታ በድንኳኑ በር ስትገባ ሁሉም ዞረ። ወዴት እንደምትሄድ ሰው ሁሉ ያያል። እኔም አያለሁ። ወደ ሬሳው ሳጥን ሄዳ እጇን አሳረፈችበት። ከዚያ ዞር ብላ አግዳሚው ላይ እኔን አየችኝ፤ ባሰበችው ቦታ ሌላ ሰው እንዳገኘች ቆም አለች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «አጎትሽ ነው» አልኳት። «ማንም ቢጠይቅሽ አጎቴ ነው በይ። የአባቴ ወንድም።»

አየችኝ። ከእንባዋ መሃል፣ ድሮ ጋሪው ሲመጣ በሩን ስትከፍት የምታሳየኝ ዓይነት ሳቅ ፊቷ ላይ መጣ። «እሺ፣ አባዬ» አለች። ጣቶቿን እንደ ልጓም በእጄ አጠላለፈች።

ድንኳኑ ላይ ዝናብ መውረድ ጀመረ። ያቺ አሮጊት «ዘነበ» አለች። ሁላችንም ቀና ብለን ሸራውን አየን።

ምህረት ድንገት ወደ ፊቴ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ እያለቀስክ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «ሰው ያለቅሳል።»